ስለ ኢንተርኔት ጨዋታና ስለ ቤተ ሰብ ሰላም

ቤተ ሰብን የሚያውክ ጠብ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከታናሽ ነገር ነው። በቀድሞ ዘመን የጠፋ ማንኪያ ወይም የፈሰሰ ወተት ያጣላ ነበር፤ በዛሬው ዘመን ደግሞ ከየቤቱ የሚሰማው ክርክር «ኢንተርኔቱን ማን አደከመው?» የሚል ሆኗል። ልጆች በሩቅ ካሉ ዘመዶቻቸውና ጓደኞቻቸው ጋራ በኢንተርኔት ሲጫወቱ ጨዋታው ይቆምባቸዋል፤ እነርሱ ይጮኻሉ፤ ታላላቆች ይቈጣሉ፤ ነገሩ ከየት እንደ መጣ ሳይመረመር አንዱ ሌላውን ይወነጅላል። ይህ ነገር በእኛም ቤት ደርሶ በምርመራ መፍትሔ ስላገኘ፥ የሠራነውን በቅደም ተከተል ብገልጸው ልጆች ላሏቸው አንባቢዎች ይጠቅም ይሆናል ብዬ አሰብሁ።

«ጨዋታ ለሆነ ነገር ይህን ያህል መድከም ለምን ያስፈልጋል?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ምክንያቱ ይህ ነው። ወንድሜ ከቤተ ሰቡ ጋራ በአሜሪካ፥ በዋሽንግተን ከተማ አጠገብ ይኖራል። ልጁ እዚያው ተወልዶ ያደገ በመሆኑ አማርኛ ይሰማል እንጂ ለመናገር ያፍር ነበር። የእርሱና የእኔ ልጅ ዕድሜያቸው እኩል ሲሆን በአካል የተያዩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ነገር ግን ቅዳሜ ማታ በአዲስ አበባ ሁለት ሰዓት ሲሆን በዚያ ቀን ነውና፥ ሁለቱ በአንድ የእግር ኳስ ጨዋታ ይገናኛሉ። «አቀብለኝ»፥ «ወደ ግራ ሂድ»፥ «ጎበዝ!» እየተባባሉ ሲጫወቱ፥ ያ ልጅ ለአባቱ የማይናገረውን አማርኛ ለአጎቱ ልጅ ይናገራል። እናቴም ከአጠገብ ተቀምጠው ድምፁን ሲሰሙ የልጅ ልጃቸው ከደጅ የገባ ይመስላቸዋል። ስለዚህ መሥመሩ ሲታወክ ከጨዋታው ጋራ የሚቋረጠው የዝምድና ገመድ ጭምር ነበረ።

ባለፈው ዓመት ከጥቅምት ወር ጀምሮ የቅዳሜው ጨዋታ ይታወክ ጀመር። በመስኮቱ ላይ የሚታዩት ተጫዋቾች ይቆሙና በድንገት ከሌላ ስፍራ ይገኛሉ፤ ልጄ ኳሷን መትቻለሁ ሲል ኳሷ ከቆይታ በኋላ ትነሣለች፤ የአጎቱ ልጅ ድምፅ ይቆራረጣል፤ አንዳንድ ጊዜም ልጄ ፈጽሞ ከጨዋታው ይወጣል። ይልቁንም የከፋው ነገር፥ ልጄ ሲሸነፍ በነበረበት ማታ ሁለት ጊዜ መሥመሩ ስለ ተቋረጠ፥ የወንድሜ ልጅ «አንተ ስትሸነፍ ሆን ብለህ ትሸሻለህ» ብሎት ሁለት ሳምንት ሳይነጋገሩ ቀሩ። ልጄም «አባባ፥ እኔ አልሸሸሁም» እያለ አለቀሰ።

በቤት ውስጥ ግን ፍርዱ አስቀድሞ ተሰጥቶ ነበር። ልጄ «እኅቴ ፊልም ስለምታይ ነው» ይላል፤ እኅቱ «ጨዋታው ራሱ የተበላሸ ነው» ትላለች፤ ባለቤቴ ልጁን ከትምህርቱ የሚያዘናጋው ይህ ዕቃ ከቤት ቢወጣ ሁሉም ያርፋል ትላለች፤ እንግዶች ደግሞ ጥፋቱን ሁሉ በአገልግሎት ሰጪው መሥሪያ ቤት ላይ ይጥላሉ። ይህን ስሰማ የጥንቱ የሌባ ሻይ ሥርዓት ትዝ አለኝ። በዚያ ሥርዓት መድኃኒት የጠጣ ብላቴና እየተንገዳገደ ሄዶ ከደጁ የወደቀበት ሰው ሌባ ተብሎ ዕዳ ይከፍል ነበር። ያ ልማድ ከቀረ ዘመን አልፎታል፤ መንፈሱ ግን ከየቤታችን ገና አልወጣም። አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» ብለዋልና፥ ልጆቼን ሰብስቤ «ማስረጃ እስኪገኝ ድረስ ማንም ማንንም አይወንጅል» አልኋቸው።

ምርመራ ከመጀመሩ በፊት የበሽታውን ዓይነት መለየት ይገባል። በኢንተርኔት የሚደረግ ጨዋታ ማለት በቤታችን ያለው መሣሪያና ሰርቨር የሚባለው በሩቅ ያለው ኮምፒዩተር በየሰከንዱ ብዙ ጊዜ የሚለዋወጡት የአጫጭር መልእክት ሥራ ነው። እነዚህም መልእክቶች ፓኬት ይባላሉ። ፊልም የሚያይ ሰው መልእክቱ ጥቂት ቢዘገይ አይጎዳም፤ መሣሪያው ለጥቂት ጊዜ የሚሆን ስንቅ አስቀድሞ ያከማቻልና። ጨዋታ ግን ስንቅ የለውም፤ ገና ያልተመታች ኳስ አስቀድማ ልትከማች አትችልም። ስለዚህ አብዛኞቹ ጨዋታዎች ዩዲፒ በሚባለው፥ በ1980 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በተደነገገው የመላላኪያ ሥርዓት ይጠቀማሉ። በዚህ ሥርዓት የጠፋው መልእክት ተመልሶ አይላክም፤ ዘግይቶ የሚደርስ ወሬ ለጨዋታ አይረባምና።

ከዚህ የተነሣ ጨዋታን የሚያውኩ ነገሮች ሦስት ናቸው። አንደኛው መዘግየት ነው። ሁለተኛው መዋዠቅ፥ ማለት አንዱ መልእክት ፈጥኖ ሌላው ዘግይቶ መድረሱ ነው። ሦስተኛው መጥፋት ነው። ብዙ ሰዎች ግን ሦስቱንም «ፍጥነቱ አነሰ» በሚል በአንድ ቃል ጠቅልለው፥ ብዙ ገንዘብ ከፍለው የበለጠ ሜጋቢት ይገዛሉ። ሜጋቢት የመንገዱን ስፋት ይናገራል እንጂ የጉዞውን ዘመን አይናገርም። የጨዋታው መልእክት ራሱ ብዙ ጊዜ በሰከንድ ከ1 ሜጋቢት አይበልጥም። መንገዱ ለአሥር ጋሪ የሚበቃ ቢሆንም፥ በመካከሉ ጭቃ ካለበት ወይም ሰልፍ ከዘጋው አንዱ ፈረሰኛ ይዘገያል።

ከዚህ በኋላ ለልጄ አንድ ደብተር ሰጠሁትና ለሰባት ማታ የሆነውን ሁሉ እንዲጽፍ አዘዝሁት፤ ቀኑን፥ ሰዓቱን፥ የታየውን ምልክት፥ በዚያ ጊዜ በቤት ውስጥ ማን ምን ያደርግ እንደ ነበረ። ይህ ሥራ ቀላል መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን ልጁ ተበዳይ ብቻ መሆኑን ትቶ መርማሪ እንዲሆን አደረገው። ቍጣውም በረደ።

ቀጥሎ ፒንግ በሚባለው መመርመሪያ ተጠቀምን። ይህን ፕሮግራም ማይክ ሙስ የተባለ አሜሪካዊ በታኅሣሥ ወር 1976 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1983) ጻፈው፤ ስሙንም ያገኘው በባሕር ውስጥ ድምፅ ልከው የገደል ማሚቶውን በመስማት ርቀትን ከሚያውቁበት መሣሪያ ድምፅ ነው። ፒንግም እንዲሁ ታናሽ መልእክት ይልክና ደርሶ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ በሚሊሰከንድ፥ ማለት በሰከንድ ሺኛ እጅ፥ ይነግራል። የምርመራው ምስጢር ከቅርብ ወደ ሩቅ መሄድ ነው። መጀመሪያ በቤት ውስጥ ላለው ራውተር መላክ ይገባል፤ አድራሻው በብዙ ቤት 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ነው። ከዚያ ከቤት ውጭ ላለው ለመጀመሪያው የአገልግሎት ሰጪው ማዕከል፥ በመጨረሻ ለሩቁ አገር ይላካል። ችግሩ በመጀመሪያው ጉዞ ከታየ የሩቁን መክሰስ ከንቱ ነው፤ መልእክተኛው ከግቢው በር ሳይወጣ ተሰናክሏልና።

ላፕቶፑን በልጄ ክፍል አስቀምጠን ወደ ራውተሩ 100 መልእክት ላክን። ብዙዎቹ በ3 ወይም በ4 ሚሊሰከንድ ተመለሱ፤ አንዳንዶቹ ግን ከ300 በላይ ፈጁ፤ 8ቱም ጠፍተው ቀሩ። ከዚያ ዋይፋዩን ዘግተን ላፕቶፑን በኬብል ከራውተሩ ጋራ አገናኘነው። 100ውም በ1 ሚሊሰከንድ ገደማ ተመለሱ፤ አንድም አልጠፋም። ከዚህ የሚበልጥ ምስክር አያስፈልግም፤ የመጀመሪያው በደለኛ በሳሎንና በልጁ ክፍል መካከል ያለው አየር ነበረ።

ምክንያቱን ስንፈልግ ራውተሩ በሳሎን ከብፌው ጀርባ፥ ከቴሌቪዥኑ በታች ተሸሽጎ አገኘነው፤ መልኩ ለዓይን አያምርም ተብሎ ከዚያ የተቀመጠ ነው። በእርሱና በልጁ ክፍል መካከል ደግሞ ሁለት የድንጋይ ግንብና ወጥ ቤቱ ነበሩ። የዋይፋይ ማዕበል እንደ ፋኖስ ብርሃን ነው፤ ፋኖስን በቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጦ ቤቱ ጨለመ ብሎ ማማረር አይገባም። ግንብ፥ ብረትና ቆርቆሮ፥ ውሃ የሞላበት በርሜልም ሳይቀር ማዕበሉን ያደክማሉ። ከዚህም በቀር ዋይፋይ የሚጓዝባቸው ሁለት የታወቁ መንገዶች አሉ። 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለው ሩቅ ይደርሳል፤ ነገር ግን የጎረቤቶች ሁሉ ዋይፋይ፥ ብሉቱዝና ምግብ የሚያሞቀው ማይክሮዌቭ በዚያው አካባቢ ስለሚሠሩ ጫጫታ ይበዛበታል። 5 ጊጋኸርዝ የሚባለው ጫጫታው ያንሳል፤ ግንብ ማለፍ ግን ይከብደዋል። በኮንዶሚኒየም የሚኖሩ ሰዎች 2.4ን ቢጠቀሙ፥ እርስ በርስ የማይነካኩትን 1ኛ፥ 6ኛና 11ኛ መሥመሮች አስተያይተው ጎረቤት ያልበዛበትን ቢመርጡ ይሻላቸዋል።

እኛም ራውተሩን አውጥተን ከፍ ካለ ስፍራ አኖርነው። ለጨዋታው መሣሪያ ግን 20 ሜትር ኬብል ገዝተን በግድግዳው ጠርዝ ዘረጋንለት። ይህ ኬብል እስከ 100 ሜትር ድረስ ሳይደክም ያደርሳልና ለአንድ ቤት ከበቂ በላይ ነው። የማይንቀሳቀስ ዕቃ ሁሉ በኬብል ቢያያዝ፥ አየሩ ለሚንቀሳቀሱት ስልኮች ይቀራል።

የሆነ ሆኖ ደብተሩ ሌላም ነገር ይመሰክር ነበር። ኬብሉ ከተዘረጋ በኋላ የሳምንቱ ቀናት ሁሉ መልካም ሲሆኑ፥ ቅዳሜ ማታ ግን ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ጨዋታው እንደ ገና ይከብድ ነበር። ወደ ውጭ የላክነው ፒንግ በሌላው ጊዜ 70 ሚሊሰከንድ ሲፈጅ በዚያ ሰዓት 900 ደረሰ። ልጄ ወዲያው ወደ እኅቱ ተመለከተ። እርስዋ ግን ያን ጊዜ ፊልም አታይም፤ መጽሐፍ ይዛ ተቀምጣ ነበር። ቴሌቪዥኑም ጠፍቷል። አንድ በአንድ ስንመረምር ያገኘነው የባለቤቴን ስልክ ነው። ባለቤቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ከዘመድ ሠርግና ከማኅበር የምታነሣቸውን ፎቶግራፎችና ቪዲዮዎች፥ ስልኩ ቤት ገብቶ ዋይፋይ ሲያገኝ ማንም ሳያዝዘው በራሱ ወደ ሩቅ ማከማቻ ይልካቸው ነበር። ስልኩ በቦርሳዋ ውስጥ ሆኖ ይህን ሁሉ ሲሠራ እርስዋም አላወቀችም፤ ነገሩ ሲገለጥ ከሁሉ ይልቅ የሳቀችው እርስዋው ናት።

ይህ እንዴት እንደሚያውክ ማወቅ ይጠቅማል። በብዙ ቤት ወደ ውጭ የሚወጣው መንገድ ከውጭ ከሚገባው ይጠባል። ስልኩ ብዙ ቪዲዮ ባንድ ጊዜ ሲያወጣ፥ ራውተሩ ማሳለፍ የማይችለውን አይጥለውም፤ በሰልፍ ያቆመዋል። የልጁም ታናሽ መልእክት ከዚያ ረጅም ሰልፍ መጨረሻ ይቆማል። አንድ ሰው ብቻ በሚያሳልፍ ድልድይ ላይ መቶ የተጫነ አህያ ሲሻገር፥ ደብዳቤ የያዘው ፈጣን ሯጭ ከኋላ ሆኖ እንደሚጠብቅ ማለት ነው። ጂም ጌቲስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ይህን የሰልፍ ማበጥ በ2010 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ገደማ በቤቱ መርምሮ ለዓለም ገለጠው፤ በ2012ም ካትሊን ኒኮልስና ቫን ጃኮብሰን ሰልፉን የሚያሳጥር ኮዴል የተባለ ዘዴ አወጡ። ዛሬ በብዙ ራውተሮች ውስጥ ኤስ ኪው ኤም ወይም ኪው ኦ ኤስ በሚል ስም የሚገኝ ማስተካከያ አለ። የኤስ ኪው ኤም ማስተካከያ ያለው ሰው፥ የመውጫውንና የመግቢያውን ልክ ከተለካው 85 ወይም 90 ከመቶ ላይ ቢወስነው፥ ሰልፉ በቤት ውስጥ በሥርዓት ስለሚያዝ ታናሹ መልእክት ቶሎ ያልፋል። ማስተካከያው የሌለው ሰው ግን እንደ እኛ የፎቶግራፉን መላኪያ ሌሊት እንዲሆን ቢወስን ይበቃዋል።

የአጎቱ ልጅ ድምፅ አንዳንድ ጊዜ ፈጽሞ የማይሰማበት ምክንያት ደግሞ ሌላ ነበር። በቤታችን ሁለት ራውተሮች ነበሩ፤ አንዱ መሥመሩ ሲገባ የተተከለው፥ ሁለተኛው ዋይፋዩን እንዲያሰፋ በኋላ የተገዛው ነው። እያንዳንዱ ራውተር እንደ በረኛ ነው፤ ከውስጥ ላልተጠራ እንግዳ በር አይከፍትም። ሁለት በረኞች በተከታታይ ሲቆሙ የመጀመሪያው ቢያሳልፈው ሁለተኛው ይመልሰዋል፤ ጨዋታውም በዚህ ጊዜ የኤን ኤ ቲ ዓይነት ጥብቅ ነው ብሎ ይጽፋል። ሁለተኛውን ራውተር ዋይፋይ ማሠራጫ ብቻ እንዲሆን ስናደርገውና በመጀመሪያው ላይ ዩ ፒ ኤን ፒ የሚባለውን ስንከፍት ድምፁ ተሰማ። የራውተሩ የውጭ አድራሻ በ10 ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ቍጥር የሚጀምር ከሆነ ግን፥ ከቤት ውጭ በአገልግሎት ሰጪው ዘንድ ሌላ በረኛ አለ ማለት ስለ ሆነ መሥሪያ ቤቱን መጠየቅ ያስፈልጋል። በዓለም ያለው የአሮጌው ዓይነት አድራሻ ጠቅላላው 4.3 ቢሊዮን ያህል ብቻ ሆኖ ስላነሰ፥ ብዙ ቤቶች አንዱን አድራሻ በጋራ ይጠቀማሉ።

በመጨረሻ የቀረው ርቀት ነው፤ ርቀትን በገንዘብም በቍጣም ማሸነፍ አይቻልም። ብርሃን በመስተዋት ክር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ቀጥታው 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፥ ለደርሶ መልስ ከ115 ሚሊሰከንድ በታች ሊሆን አይችልም። አገራችንም የባሕር በር ስለሌላት፥ መልእክታችን እንደ ጅቡቲ ባሉ በጎረቤት አገሮች በኩል ወደ ባሕር ኬብል ይወርዳልና መንገዱ ከቀጥታው ይረዝማል። በየካቲት ወር 2016 ዓ.ም. በቀይ ባሕር ውስጥ ኬብሎች በተቆረጡ ጊዜ የእስያ፥ የአፍሪካና የአውሮፓ መገናኛ ታውኳል፤ እንዲህ ባለ ጊዜ በቤቱ ያለውን ራውተር ደጋግሞ የሚያጠፋና የሚያበራ ሰው በከንቱ ይደክማል።

ልጆቹ እስከዚያ ድረስ የሚገናኙት በአሜሪካ ባለው ሰርቨር ነበረ። ለወንድሜ ልጅ ቅርብ፥ ለእኔ ልጅ ግን እጅግ ሩቅ ነበር። ጨዋታው ስፍራ ለመምረጥ ስለሚፈቅድ በጀርመን አገር በፍራንክፈርት ያለውን እንዲመርጡ ተስማሙ። ፍራንክፈርት ከአዲስ አበባ 5,300፥ ከዋሽንግተን 6,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነውና፥ ሁለቱም ሸክሙን ሊተካከል በቀረበ ልክ ተካፈሉት። የወንድሜ ልጅ የቀድሞውን ጥቅሙን በፈቃዱ መተዉ ያስደነቀኝ ነገር ነው። ይህን ያደረገውም ልጄ የደብተሩን ገጾች ፎቶግራፍ አንሥቶ ከላከለት በኋላ ነበር። በዚያ ደብተር መሥመሩ የተቋረጠበት ደቂቃና የጠፉት መልእክቶች ቍጥር ተጽፎ ስላየ፥ የአጎቱ ልጅ እንዳልሸሸ ተረዳ። «ይቅርታ፥ ውሸት መስሎኝ ነበር» ብሎ በገዛ እጁ በአማርኛ ፊደል ጻፈለት። ሦስት ፊደል ተሳስቷል፤ እናቴ ግን ያን ጽሕፈት በወረቀት አሳትመው ከጸሎት መጽሐፋቸው ውስጥ አኑረውታል።

ከሁሉ አስቀድሞ በእንግዶች ሲከሰስ የነበረው አገልግሎት ሰጪ መሥሪያ ቤት በእኛ ነገር ነጻ ሆኖ ተገኘ። እርግጥ ነው፥ በሌላ ቤት ጥፋቱ ከውጭ ሊሆን ይችላል። በኬብል ተያይዞ እስከ ራውተሩ ያለው ጉዞ ንጹሕ ሆኖ፥ ከዚያ በኋላ ባለው መልእክት የሚጠፋ ከሆነ፥ ነገሩ የመሥሪያ ቤቱ ነው። በዚያን ጊዜም ጮኾ ከሚገባ ሰው ይልቅ፥ ቀኑንና ሰዓቱን፥ የተላከውንና የጠፋውን በቍጥር ጽፎ የሚያቀርብ ሰው ቶሎ ይሰማል፤ ባለሙያውም ከየት እንደሚጀምር ያውቃል። መብራት ደጋግሞ በሚጠፋበት ሰፈር ደግሞ ራውተሩን ከታናሽ ዩፒኤስ ጋራ ማያያዝ ይበጃል፤ የደቂቃ መጥፋት ራውተሩን እንደ ገና አስነሥቶ ጨዋታውን ፈጽሞ ያቋርጣልና።

የቤት ጌቶችና እመቤቶች ሆይ፥ ልጅ ስለ ጨዋታ ሲያለቅስ ነገሩን አቅልሎ ማለፍ ወይም ዕቃውን መንጠቅ ቀላል ነው። ዳሩ ግን ልጅ በቤቱ የሚያየው ፍርድ፥ አድጎ በሹመት ወንበር ሲቀመጥ የሚፈርደው ፍርድ ነው። በቤታችን ሦስት ሰው ተከሶ ነበር፤ ሦስቱም ንጹሓን ነበሩ። በደለኞቹ ግንብ፥ ሰልፍ፥ ትርፍ በረኛና ርቀት ሆነው ተገኙ፤ እነዚህም በስድብ አይድኑም። ልጆቻችን ከመወንጀል በፊት መለካትን፥ ከመቈጣት በፊት መጻፍን እንዲለምዱ እግዚአብሔር ይርዳን።